ብራውዘሩ ከካሽ ፕሮክሲው ጋር ሲቆራረጥ፦ የት መፈተሽ፣ ምን መንካት፣ ምን አለመንካት

ገጹ መጫን ይጀምርና ቀጥ ይላል። ወይም ብራውዘሩ ግንኙነቱ ተቋርጧል ብሎ ይጽፋል፤ ሪፍሬሽ ሲደረግ ግን በቅጽበት ይከፈታል። በተለይ ተጠቃሚው ለጥቂት ደቂቃ ምንም ሳይከፍት ቆይቶ ሲመለስ የመጀመሪያው ክሊክ ይከሽፋል፣ ሁለተኛው ይሠራል። ሥራ በበዛበት ሰዓት ችግሩ ይጠፋል፤ ጸጥ ሲል ይመለሳል። ይህን ጠባይ ካያችሁ ዲስኩን ወይም የኢንተርኔት መስመሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት፣ ካሹንም (ፕሮክሲው ያስቀመጣቸውን የገጾች ቅጂዎች) አጥፍቶ እንደገና ከመሥራት በፊት፣ ክፍት ሆነው የሚቆዩትን ግንኙነቶች ተመልከቱ። ካየኋቸው የዚህ ዓይነት ችግሮች አብዛኞቹ የመጡት በመንገዱ ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሥራ የፈታ ግንኙነትን ለስንት ሰከንድ እንደሚይዙ ባለመጣጣማቸው ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው በስኩዊድ፣ ማለትም በብራውዘሩና በድረ ገጾቹ መካከል ቆሞ ጥያቄዎችን በሚያስተላልፈው የካሽ ፕሮክሲ ሶፍትዌር፣ ላይ የተመሠረተ ነው። የኮንፊግ ትእዛዞቹን ስም በእኛ ፊደል ስለምጽፍ በቃላቱ መሃል ያለውን ክፍተት በፋይሉ ውስጥ በስር መስመር ተኩት።

በኤችቲቲፒ 1.1 አንድ የቲሲፒ ግንኙነት (ሁለት ኮምፒውተሮች መረጃ የሚለዋወጡበት መስመር) ከአንድ ጥያቄ በኋላ አይዘጋም፤ አንደኛው ወገን «ኮኔክሽን ክሎዝ» የሚል ሄደር (በመልእክቱ ራስ ላይ የሚጻፍ መስመር) ካልላከ በስተቀር ለቀጣዩ ጥያቄ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ፕሮክሲ ሲኖር ደግሞ ግንኙነቱ ሁለት ነው። አንዱ ከብራውዘሩ እስከ ፕሮክሲው፣ ሌላው ከፕሮክሲው እስከ ድረ ገጹ ሰርቨር። ሁለቱ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፣ የሚበላሹበትም ምክንያት ይለያያል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ችግሩ ያለው በየትኛው እግር ላይ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ይህን ሳይለዩ ኮንፊግ መነካካት ቀን ያስበላል።

ለመለየት ቀላሉ መንገድ የስሕተቱን ገጽ ማን እንደጻፈው ማየት ነው። ከታች የፕሮክሲው ስምና የስኩዊድ ቁጥር ያለበት ገጽ ከመጣ የመጀመሪያው እግር ደህና ነው፤ ገጹ ራሱ በዚያ በኩል ነው የመጣው። ችግሩ ከፕሮክሲው ወዲያ ነው። «ዜሮ ሳይዝ ኦብጀክት» የሚለው ስሕተት ለምሳሌ ሰርቨሩ ምንም መልስ ሳይሰጥ ግንኙነቱን ዘጋ ማለት ነው። ብራውዘሩ የራሱን ገጽ ካሳየ ግን አትቸኩሉ። በኤችቲቲፒኤስ ጊዜ ብራውዘሩ በመጀመሪያ «ኮኔክት» የሚል ጥያቄ ለፕሮክሲው ይልካል፤ ፕሮክሲው ሰርቨሩን አጥቶ የስሕተት ገጽ ቢመልስም ብራውዘሩ ለደኅንነት ሲል አያሳየውም፣ «ተነል ኮኔክሽን ፌልድ» ብቻ ይላል። እዚህ ላይ ከርል የሚባለው ከትእዛዝ መስመር የሚሠራ ፕሮግራም ይረዳል። በዳሽ ኤክስ የፕሮክሲውን አድራሻና ፖርት (በስኩዊድ የተለመደው 3128 ነው) ሰጥታችሁ ዳሽ ቪ ጨምሩበት (ሁለቱም ትንንሽ ፊደላት ናቸው)፤ ስኩዊድ ከመልሱ ጋር የሚልከው «ኤክስ ስኩዊድ ኤረር» ሄደር ይታያችኋል። ከስሕተቱ ስም ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሊኑክስ የስሕተት ቁጥር ነው፦ 110 ከሆነ ሰርቨሩ ዝም ብሏል፣ 111 ከሆነ በሩን ዘግቷል፣ 113 ከሆነ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ የለም፣ 104 ከሆነ መሃል ላይ ሪሴት (ግንኙነቱን በድንገት የሚቆርጥ ፓኬት) ተልኳል።

ቀጥሎ የአክሰስ ሎጉ፣ ስኩዊድ ጥያቄዎቹን የሚመዘግብበት ፋይል፣ ነው። ክሊኩ የከሸፈበትን ሰከንድ መዝግቡና በዚያ ሰዓት የዚያ ኮምፒውተር መስመር ሎጉ ላይ መኖሩን ፈልጉ። የመጀመሪያው ዓምድ የዩኒክስ ሰዓት ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄው የፈጀው ጊዜ በሚሊሰከንድ ነው። መስመሩ ካለና የውጤቱ ዓምድ በ502፣ በ503 ወይም በ504 (የስሕተት ቁጥሮች) ካለቀ ሁለተኛውን እግር ተከታተሉ። «አቦርትድ» የሚል ከተጨመረበት ደንበኛው መልሱ ሳያልቅ ሄዷል ማለት ነው፤ ሰልችቶት ሪፍሬሽ አድርጎ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በሁለተኛው ዓምድ ያለውን ጊዜ አብራችሁ እዩ። ምንም መስመር ከሌለ ጥያቄው ፕሮክሲው ዘንድ ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያውን እግር ጠርጥሩ። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በ000 የሚያልቁና «ትራንዛክሽን ኤንድ ቢፎር ሄደርስ» የሚሉ መስመሮች ሎጉን ሞልተውት ልታዩ ትችላላችሁ። ብራውዘሮች ሊያስፈልግ ይችላል ብለው ቀድመው ግንኙነት ይከፍቱና ሳይጠቀሙበት ይዘጉታል፤ የሚበዙት መስመሮች የዚህ ውጤት ናቸው፣ ችግርም አይደሉም። ብዙ ሰው እነሱን እያሳደደ ጊዜውን ይጨርሳል።

ሎጉን ከዚህ በላይ እንዲናገር ማድረግ ይቻላል። በሎግ ፎርማቱ ላይ የደንበኛውን ፖርት ቁጥር የሚያትመውን መለያ ጨምሩ፦ የፐርሰንት ምልክት፣ የ«ይበልጣል» ምልክት፣ ከዚያ ትንሿ የፒ ፊደል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓይነት አድራሻና አንድ ዓይነት ፖርት ያላቸው መስመሮች በአንድ ግንኙነት ላይ የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ከሸፈ ከተባለው ክሊክ በፊት የትኛው ግንኙነት ለስንት ሰከንድ ሥራ ፈትቶ እንደነበረ በዓይን ይታያል። እኔ ይህን መለያ ችግር ባይኖርም በቋሚነት አስገባዋለሁ።

አሁን ወደ ሰዓቶቹ። ክሮም አንድ ጊዜ የተጠቀመበትን ግንኙነት ሥራ ፈትቶ 300 ሰከንድ ያቆየዋል። ፋየርፎክስ 115 ሰከንድ ያቆየዋል። ስኩዊድ በብራውዘሩ በኩል ያለውን ሥራ ፈት ግንኙነት በ2 ደቂቃ ይዘጋል፤ ትእዛዙ «ክላየንት አይድል ፒኮን ታይምአውት» ነው። በሰርቨሩ በኩል ያለውን በ1 ደቂቃ ይዘጋል፤ እሱ «ሰርቨር አይድል ፒኮን ታይምአውት» ነው። ከዚያ ወዲያ ካሉት የሰርቨር ሶፍትዌሮች አፓቺ ካልተቀየረ 5 ሰከንድ ብቻ ይጠብቃል፣ ኤንጂንኤክስ 75። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ተጠቃሚዎች «በፋየርፎክስ ይሠራል፣ በክሮም ይቆራረጣል» ሲሉ ምን እያሉ እንደሆነ ይገባችኋል። ፋየርፎክስ ከስኩዊድ 5 ሰከንድ ቀድሞ ራሱ ይዘጋል። ክሮም ግን ስኩዊድ እስኪዘጋበት ይጠብቃል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ጥያቄ ላኪው ቀድሞ መዝጋቱ፣ ተቀባዩ ቆይቶ መዝጋቱ ነው። የተገላቢጦሽ ሲሆን ሽቅድምድም ይፈጠራል፦ ፕሮክሲው «ዘግቻለሁ» የሚለውን የፊን ፓኬት በላከበት ቅጽበት ብራውዘሩ በዚያው ግንኙነት ላይ አዲስ ጥያቄ ይልካል። ጥያቄው የተዘጋ በር ላይ ይደርሳል፣ መልሱ ሪሴት ይሆናል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ባለ ኔትወርክ ይህ የሚፈጠርበት ክፍተት ከሚሊሰከንድ አይበልጥም፤ በቪፒኤን ወይም በሳተላይት በኩል ሲሆን ግን ፊኑ እስኪደርስ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ያልፋል፣ ብልሽቱም ይበዛል። ጥያቄው ተራ ጌት፣ ማለትም ገጽ መጠየቅ ብቻ፣ ከሆነ ብራውዘሩ በጸጥታ በአዲስ ግንኙነት ይደግመዋል፣ ማንም አያውቅም። ፖስት ሲሆን፣ ማለትም ፎርም ሲላክ፣ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ስለሚችል የኤችቲቲፒ ደንብ በራስ ሰር መድገምን አይፈቅድም። ስለዚህ «ገጾቹ ይከፈታሉ፣ ፎርም መላክ ግን አልፎ አልፎ እምቢ ይላል» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። በሰርቨሩ በኩል ስኩዊድ ራሱ ይጠነቀቃል፤ ሊደገም የማይችል ጥያቄን ካልታዘዘ በቀር ቆይቶ በሰነበተ ግንኙነት ላይ አይልክም፣ አዲስ ይከፍታል።

ሽቅድምድሙ ግን ከክፉው ይሻላል። ክፉው መሃል ላይ ያለ ፋየርዎል ወይም ናት (የውስጥ አድራሻዎችን ወደ ውጭ አድራሻ የሚተረጉም መሣሪያ) ሥራ የፈታውን ግንኙነት ከሠንጠረዡ ላይ ሰርዞ ለማንም አለመንገሩ ነው። ከዚያ በኋላ ስኩዊድ የላከው ፊን እንኳ መሃል መንገድ ላይ ይጣላል። ብራውዘሩ ግንኙነቱ አሁንም ክፍት ይመስለዋል፣ ጥያቄውን ይልካል፣ ፓኬቱ ይጠፋል። ቲሲፒ ደግሞ ይሞክራል፣ በየሙከራው የሚጠብቀውን ጊዜ እጥፍ እያደረገ ይቀጥላል። በሊኑክስ የተለመደው ሙከራ 15 ስለሆነ ተስፋ እስኪቆርጥ ከ15 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ተጠቃሚው የሚያየው የሚሽከረከር ምልክት ብቻ ነው። ለናት መሣሪያዎች የወጣው ምክር ግንኙነቱን ቢያንስ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ያዙ ይላል፤ በተግባር በጥቂት ደቂቃ የሚሰርዙ ብዙ ናቸው።

ይህ መሆኑን ለማረጋገጥ ቴልኔት (የምትጽፉትን በቀጥታ ወደ ፖርቱ የሚልክ ፕሮግራም) ይበቃል። ከተጠቃሚው ኮምፒውተር ወደ ፕሮክሲው ፖርት ተገናኙ። በመጀመሪያው መስመር ሄድ የሚለውን የጥያቄ ዓይነት፣ ሙሉውን የኤችቲቲፒ አድራሻና የፕሮቶኮሉን ስም ከ1.1 ጋር ጻፉ፤ በሁለተኛው መስመር የሆስት ሄደሩን፤ ከዚያ ባዶ መስመር። ሄድን የመረጥኩት ሄደሮቹ ብቻ ስለሚመለሱና ስክሪኑ ስለማይሞላ ነው። መልሱ ሲመጣ እጃችሁን አንሱና ጠብቁ። መጀመሪያ 30 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 60፣ ቀጥሎ 110። ከእያንዳንዱ ጥበቃ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደግማችሁ ጻፉ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳትልኩ ዝም ብላችሁ ብትጠብቁ ሌላ ሰዓት ነው የምትለኩት፤ ስኩዊድ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚጠብቀው 5 ደቂቃ ነው፣ ውጤቱም ያሳስታችኋል።

ሁለተኛው መልስ ከመጣ ያ ርዝመት ደህና ነው። እየጠበቃችሁ ሳለ ቴልኔቱ በ120ኛው ሰከንድ አካባቢ ግንኙነቱ ተዘጋ ካለ የስኩዊድ ሰዓት ነው፣ እንደሚገባው እየሠራ ነው። ከዚያ በፊት ከተዘጋ መሃል ላይ ሪሴት የሚልክ መሣሪያ አለ። ጥያቄውን ጽፋችሁ ከርሰሩ ዝም ብሎ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ግንኙነቱ በጸጥታ ተሰርዟል። በዚህ ጊዜ በሁለቱም ጫፍ ቲሲፒደምፕን (የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) በ3128 ፖርት ላይ ክፈቱ። በተጠቃሚው በኩል ያው ፓኬት እየተራራቀ ሲደጋገም ታያላችሁ፤ በፕሮክሲው በኩል አንድም አይደርስም። ይህን ሁለት ምስል ጎን ለጎን ማቅረብ ፋየርዎሉን ከሚያስተዳድሩት ሰዎች ጋር የሚደረገውን ክርክር በደቂቃ ይጨርሰዋል።

መፍትሔው በሁለት መንገድ ይሄዳል። የፋየርዎሉን ሰዓት መቀየር የማትችሉ ከሆነ አንደኛው መንገድ ስኩዊድ ከፋየርዎሉ ቀድሞ እንዲዘጋ ማድረግ ነው። ፋየርዎሉ በ60 ሰከንድ የሚሰርዝ ከሆነ «ክላየንት አይድል ፒኮን ታይምአውት» 50 ሰከንድ ይሁን፤ ፊኑ ሠንጠረዡ ሳይሰረዝ ያልፋል፣ ብራውዘሩም ግንኙነቱ መዘጋቱን ያውቃል። ሽቅድምድሙ ግን ይቀራል፤ እንዲያውም ግንኙነት ቶሎ ቶሎ ስለሚዘጋ ዕድሉ በጥቂቱ ይጨምራል።

እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፦ የስኩዊድን ሰዓት ከክሮም 300 ሰከንድ በላይ፣ ለምሳሌ 360 ማድረግና ግንኙነቱን በቲሲፒ ኪፕ አላይቭ ማንቃት። በኤችቲቲፒ ፖርት መስመሩ ላይ ከ3128 ቀጥሎ «ቲሲፒኪፕአላይቭ» ብላችሁ የእኩል ምልክትና 60,30,90 ጨምሩ። ከ60 ሰከንድ ጸጥታ በኋላ የመጀመሪያው መፈተሻ ፓኬት ይላካል፣ መልስ ካልመጣ በየ30 ሰከንዱ ይደገማል፣ በ90 ሰከንድ መልስ ከጠፋ ግንኙነቱ ይዘጋል። ፋየርዎሉ በ60 ሰከንድ የሚሰርዝ ከሆነ የመጀመሪያውን ቁጥር ወደ 40 አውርዱት። ይህ ካልተጻፈ የሊኑክስ የራሱ መነሻ 7200 ሰከንድ ስለሆነ መፈተሻው የሚደርሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ዋጋው ብዙ ሥራ ፈት ግንኙነት መሸከም ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ክላየንት ፐርሲስተንት ኮኔክሽንስ» የሚለውን ኦፍ ማድረግ ነው። ይህን አታድርጉ። ለአሥር ደቂቃ ምርመራ ይጠቅማል፤ አጥፍታችሁት ችግሩ ከጠፋ ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው፣ ከዚያ መልሳችሁ አብሩት። በቋሚነት ካጠፋችሁት እያንዳንዷ ትንሽ ምስል አዲስ የቲሲፒ ሰላምታ ትጠይቃለች። በሰርቨሩ በኩል ያለውን ካጠፋችሁ ደግሞ የተዘጋው ግንኙነት በሊኑክስ ለ60 ሰከንድ ፖርቱን ይዞ ይቆያል፤ ለወጪ ግንኙነት የተመደቡት ፖርቶች ከ32768 እስከ 60999 ናቸው፣ ወደ አንድ ሰርቨር በብዛት የሚሄድ ፕሮክሲ ሊጨርሳቸው ይችላል። ከሁሉ የከፋው ኤንቲኤልኤም የሚባለው የዊንዶውስ የተጠቃሚ ማረጋገጫ ባለበት ቦታ የሚደርሰው ነው። ኤንቲኤልኤም የሚያረጋግጠው ግንኙነቱን ነው፤ ሦስቱ መልእክቶች በአንድ የቲሲፒ ግንኙነት ላይ መለዋወጥ አለባቸው። በሎጉ ላይ ሁለት 407 (ማንነትህን አረጋግጥ የሚል መልስ) ከዚያም 200 (ተሳክቷል) ማየት በኤንቲኤልኤም የተለመደ ነው። 407 ያለማቋረጥ ከተደጋገመና ተጠቃሚው የይለፍ ቃል ደጋግሞ ከተጠየቀ መሃል ላይ ግንኙነቱን የሚዘጋ ነገር አለ፤ አንዳንዴ ያ ነገር ቀደም ሲል ሌላ ችግር ለመፍታት ኦፍ የተደረገው ይኸው ትእዛዝ ነው። የይለፍ ቃል ከመቀየራችሁ በፊት የፖርት ቁጥሩን እዩ። ተከታታዮቹ 407ዎች በተለያየ ፖርት ከመጡ መልሱ እሱ ነው።

የፋይል ዲስክሪፕተር (ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ክፍት ፋይልና ግንኙነት የሚሰጠው ቁጥር) እጥረት ሌላው ትልቅ ምንጭ ነው። ክሮምም ፋየርፎክስም ወደ አንድ ፕሮክሲ እስከ 32 ግንኙነት ይከፍታሉ። 60 ብራውዘር በአንድ ጊዜ ቢሠራ 1920 ሊደርስ ይችላል፣ በኤችቲቲፒኤስ ደግሞ እያንዳንዱ ተነል (በፕሮክሲው በኩል እስከ ሰርቨሩ የሚከፈተው መስመር) በሰርቨሩ በኩል ሌላ አንድ ይወስዳል። ገደቡ 1024 ላይ ከተተወ ወሰኑ ቶሎ ይደርሳል። ስኩዊድ ዲስክሪፕተር ሊያልቅበት ሲል በካሽ ሎጉ ላይ ያስጠነቅቃል፤ ግንኙነቶችን ክፍት ማቆየቱንም ራሱ ያቆማል። ስለዚህ ኮንፊጉ ኦን እያለ ግንኙነት የማይቆይ ከሆነ፣ በተለይ በሥራ ሰዓት ጫፍ ላይ፣ በካሽ ማኔጀሩ የኢንፎ ገጽ ላይ ስንት ዲስክሪፕተር እንደተያዘና ስንት እንደቀረ እዩ። ገደቡን ስታሳድጉ በስኩዊድ ኮንፊግ «ማክስ ፋይልዲስክሪፕተርስ» ላይ ብቻ አትቁሙ፤ ሲስተምዲ (በሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው) በአገልግሎቱ ፋይል የሚሰጠው ገደብ ዝቅ ያለ ከሆነ እሱ ያሸንፋል። ሁለቱንም አሳድጉና ስኩዊድን እንደገና አስነሱ።

በአንድ ድረ ገጽ ላይ ብቻ የሚደጋገም ብልሽት ሲሆን ሰዓቱን ተዉትና ርዝመቱን ተመልከቱ። ክፍት በሚቆይ ግንኙነት ላይ አንዱ መልስ የት እንደሚያልቅ የሚታወቀው በ«ኮንቴንት ሌንግዝ» ሄደር ወይም በቸንክ አከፋፈል (መልሱን ርዝመታቸው በተጻፈ ቁርጥራጮች በመላክ) ነው። ሰርቨሩ 5000 ባይት ብሎ 4200 ከላከ ብራውዘሩ የቀሩትን 800 ሲጠብቅ ይቆያል፣ በመጨረሻም የርዝመት አለመጣጣም ይላል። 5000 ብሎ 5200 ከላከ ደግሞ ትርፎቹ 200 ባይት በሚቀጥለው መልስ ራስ ላይ ይወድቃሉ፤ ስኩዊድ ይህን ሲያይ ግንኙነቱን ይዘጋል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አፕሊኬሽኑ ባይትን ሳይሆን ፊደልን መቁጠሩ ነው። በእንግሊዝኛ ገጽ ይህ ስሕተት አይታይም፣ ፊደሉና ባይቱ እኩል ነውና። የግዕዝ ፊደል ግን በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፤ 100 ፊደል ያለው መልስ 300 ባይት ሆኖ ሳለ ሄደሩ 100 ይላል፣ ገጹም ሲሶው ላይ ተቆርጦ ይመጣል። ያው አፕሊኬሽን በአማርኛ ገጹ ላይ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ፕሮክሲውን አትንኩት፣ ኮዱን ለጻፈው ሰው ንገሩት። ሌላው የተለመደ ምክንያት ርዝመቱ ከተሰላ በኋላ መልሱ በጂዚፕ መጨመቁ ነው።

የቻትና የቀጥታ ማሳወቂያ ገጾች ብቻ የሚቆራረጡ ከሆነ እነሱ በተነል ውስጥ ስለሆኑ ከላይ ያሉት የሥራ ፈት ሰዓቶች አይመለከቷቸውም። ተነሉን የሚገድቡት «ሪድ ታይምአውት»፣ መነሻው 15 ደቂቃ፣ እና «ክላየንት ላይፍታይም»፣ መነሻው 1 ቀን፣ ናቸው።

ትንንሽ ገጾች ተከፍተው ትልልቆቹ የሚንጠለጠሉ ከሆነ የኤምቲዩ (መንገዱ በአንድ ፓኬት የሚሸከመው ትልቁ መጠን) ጉዳይ ነው። በፒንግ እንዳይቆራረጥ አድርጋችሁ 1472 ባይት ላኩ፤ ካላለፈና 1464 ካለፈ፣ የሄደሮቹ 28 ባይት ሲጨመር፣ መንገዱ 1492 ብቻ ይሸከማል ማለት ነው።

በየዕለቱ በተመሳሳይ ደቂቃ የሚመጣ ብልሽት ካለ ክሮንታቡን (በተወሰነ ሰዓት የሚሠሩ ትእዛዞች ዝርዝር) ክፈቱ። ስኩዊድ ኮንፊጉን እንደገና ሲያነብ የሚያዳምጥባቸውን ፖርቶች ለአፍታ ይዘጋል፤ በዚያች ቅጽበት የመጣ ብራውዘር ፕሮክሲው እምቢ አለኝ ይላል። አፍታዋ አጭር ብትሆንም የፓክ ፋይል (ብራውዘሩ የትኛውን ፕሮክሲ እንደሚጠቀም የሚነግር ስክሪፕት) ያለበት ቦታ ላይ ትረዝማለች። ክሮም አንድ ጊዜ ያልመለሰለትን ፕሮክሲ ለ5 ደቂቃ ወደ ጎን ያደርገዋል፣ ፋየርፎክስ ለ1800 ሰከንድ፣ ማለትም ለግማሽ ሰዓት። የፓክ ፋይሉ ከፕሮክሲው ቀጥሎ «ዳይሬክት» (ያለ ፕሮክሲ በቀጥታ ውጣ) የሚል ካለውና ፋየርዎሉ ቀጥታ መውጣትን የሚከለክል ከሆነ ፕሮክሲው በሰከንድ ውስጥ ቢመለስም ተጠቃሚው ያን ያህል ጊዜ ምንም አይከፈትለትም። ቀጥታ መውጣት በማይፈቀድበት ኔትወርክ «ዳይሬክት»ን ከፓክ ፋይሉ አውጡት፤ በምትኩ ሁለተኛ ፕሮክሲ ካላችሁ እሱን አስገቡ። ኮንፊግ እንደገና የሚያስነብቡትን ስክሪፕቶችም ፋይሉ በእርግጥ ተቀይሮ ከሆነ ብቻ እንዲሠሩ አድርጓቸው።